ከፍኖተ ሰላም እስከ ዮርክ፦ ባቡር ለማየት ወደ እንግሊዝ የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም ባቡር የለም። ከፍኖተ ሰላም፣ ከማንኩሳ ወይም ከቡሬ የተነሳ ሰው የባቡር ድምፅ ለመስማት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባት አለበት። ይሁን እንጂ በእኛ በተማሪዎች መካከል ባቡር የሚወዱ ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ በፊልም አይቶ፣ አንዳንዱ ድሬዳዋ የኖረ ዘመድ ሲያወራ ሰምቶ፣ አንዳንዱም በጂኦግራፊ ትምህርት ላይ ካርታ ሲያነብ ልቡ ወደ ሐዲድ ሄዷል። የእነዚህ ሁሉ ምኞት ስትጠየቅ አንድ ቦታ ላይ ታርፋለች፦ የባቡር መነሻ የሆነችውን እንግሊዝን ማየት።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምኞት ወደ እቅድ እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ይሞክራል። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው። ተጓዡ ከሀገሩ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ከሌለው፣ እንግሊዝ ደርሶ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ጥያቄ ይዞ ከሄደ ግን ያየው ነገር ለራሱም ለከተማውም ይጠቅማል። እኛ የመረጥነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ባቡር ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ለምን ይመጣል? ሳይመጣስ ለምን ይቀራል?

ውድ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፣ በጽሑፉ ውስጥ የሀገራችን ጉዳይ በዓመተ ምሕረት (ዓ.ም.)፣ የውጭው ጉዳይ ደግሞ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ቀርቧል።

1. ጥያቄው የሚጀምረው ከቤት ነው

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ለሀገሪቱ በታቀዱት ስምንት የባቡር መስመሮች ውስጥ አንደኛው መነሻው ፍኖተ ሰላም ነበር። መስመሩ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያና በሰመራ አድርጎ እስከ ኤሊዳር፣ ማለትም እስከ ጅቡቲ ድንበር አካባቢ እንዲሄድ ነበር የታሰበው። እንግዲህ በካርታው ላይ ከተማችን የሐዲድ ጫፍ ነበረች። በመሬት ላይ ግን በፍኖተ ሰላም እስከ ዛሬ አንድ ሜትር ሐዲድ አልተዘረጋም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ተረሳን» ብሎ ያልፋል። ተማሪ ግን እዚያ ላይ ማቆም የለበትም። ባቡር የሚሠራው ለጭነት ነው። ታዲያ ከእኛ አካባቢ የሚወጣውና ወደ እኛ የሚገባው ጭነት ምን ያህል ነው? የቡሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎና በርበሬ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጥሬ ዕቃ ያስገባል፣ ያለቀለት ምርትም ያስወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዳበሪያ አለ። ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባና ክረምት ሳይገባ ገበሬው ደጃፍ መድረስ አለበት። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ የማዳበሪያ እጥረት የአማራ ክልልን ገበሬ ምን ያህል እንዳስጮኸ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያ ዓመት ችግር ምክንያቱ መጓጓዣ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጭነት በጊዜው መድረሱ ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ለእንግሊዝ ጉዞ የመጀመሪያው ዝግጅት ቡሬ ላይ የሚሠራ የቤት ሥራ ነው። ቡሬ የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድና ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ነች። ተማሪው በአንድ የገበያ ቀን ከመገናኛው አጠገብ ተቀምጦ የሚከተለውን ይመዝግብ፦

ሀ) በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት አይሱዙና ስንት ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና አለፈ?
ለ) የጫነው ምንድን ነው? ወዴት ይሄዳል? ሲመለስስ ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ?
ሐ) የአንድ ኩንታል ማጓጓዣ እስከ አዲስ አበባ ስንት ያስከፍላል?
መ) ዕድሜ የጠገቡ አባቶችና እናቶች መንገዱ ሳይሠራ በፊት እህል በምን ይጓጓዝ እንደነበር ምን ይላሉ? አህያና በቅሎ ስንት ቀን ይፈጅባቸው ነበር?

ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ሲመለስ ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ?» የምትለዋ ጥያቄ የባቡር ኢኮኖሚ እምብርት ነች። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጭነት ያለው መስመር ግማሹን ጊዜ ባዶ ፉርጎ ነው የሚጎትተው። ለዚህ ነው ማዳበሪያ ሲገባ በቆሎ የሚወጣበት አካባቢ ለባቡር ጥሩ የሚሆነው።

2. ሁለተኛው ደረጃ፦ የራስን ባቡር ሳያዩ የሰው ባቡር አይታይም

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ አንዳንዴ ስለሚዘጋ፣ ተጓዡ የጉዞ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ከሹፌሮችና መንገዱን በቅርቡ ከሄዱ ሰዎች ይጠይቅ። ለአውሮፕላን ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው ከቤት መነሳት አይገባም። ቢያንስ ሦስትና አራት ቀን ማስቀደም ይሻላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

አዲስ አበባ ላይ መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ለገሃር ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጣቢያው» ማለት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል።

ሁለተኛው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ይህኛው ሰው እንጂ ዕቃ አይጭንም፤ የከተማ ባቡርና የጭነት ባቡር የሚለያዩበትን ነገር ለማስተዋል ይረዳል።

ሦስተኛው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ከሰበታ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የመንገደኛው ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲሆን በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል የሚነሳበትን ቀን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተጓዡ በዚህ ባቡር ድሬዳዋ ድረስ ቢሄድ ለእንግሊዙ ጉዞ ትልቅ ስንቅ ያገኛል። ምክንያቱም ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ነች። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ መስመሩ ቆላውን ይዞ አለፈና ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ሐረር የሺህ ዘመን ታሪክ ይዛ ከሐዲድ ውጭ ቀረች፤ ድሬዳዋ ከምንም ተነስታ አደገች። እንግዲህ የሐዲድ መስመር በጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለቱ ለአንድ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መማሪያ በሀገራችን አይገኝም። የፍኖተ ሰላም ልጅ ይህን ቆሞ ማየት አለበት።

3. ከእንግሊዝ ጋር የሚያገናኘን ምንድን ነው?

«እንግሊዝና እኛን በባቡር ምን አገናኘን?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገናኙን ነገሮች አሉ።

በ1868 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ናፒየር ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በዙላ የባሕር ዳርቻ ላይ ለጦሩ ስንቅና ትጥቅ ማጓጓዣ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ዕቃው የመጣው ከሕንድ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ያላለፈው ይህ መስመር ዘመቻው ሲያልቅ ተነቀለ። ለጦርነት የመጣ ባቡር ጦርነቱ ሲያልቅ ሄደ ማለት ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያም በመርከብ ተጉዘው ብዙ የአውሮፓ ሀገሮችን ሲጎበኙ እንግሊዝም ደርሰዋል። ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ስለዚህ ከጎጃም ተነስቶ በባቡር ጭምር እንግሊዝ መድረስ ዛሬ የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም፤ መቶ ዓመት አልፎታል።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጣሊያን አዲስ አበባን ሊይዝ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። የስደት ዘመናቸውንም ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት አሳለፉ። ሲመለሱ ደግሞ በእኛ በር ነው የገቡት። በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነስተው በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ባዝን የሚያይ የቡሬ ልጅ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ አየ ማለት ይቻላል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው ሊለካ የሚችል ነው። አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር የሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። ይህ ልክ የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ መስመሮች ነው። ጆርጅ ስቲቨንሰን ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው፣ ከዚያ ዓለም ተከተለው። ዛሬ ድሬዳዋ ላይ ሜትር ዘርግቶ የለካ ሰው የስቲቨንሰንን ልክ ያገኛል።

4. እንግሊዝ ውስጥ የት የት ይታያል?

እንግሊዝ ውስጥ የባቡር ነገር ሞልቷል። ሁሉን ልይ ያለ ምንም አያይም። ጥያቄያችንን መነሻ አድርገን ለአሥር ቀን የሚበቃ መስመር እንደሚከተለው አዘጋጅተናል።

ለንደን (ሁለት ቀን)። ለንደን አንድ ለገሃር የላትም። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከፓዲንግተን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ከኪንግስ ክሮስ ይነሳል። ምክንያቱ ባቡሮቹን የሠሩት የተለያዩ የግል ኩባንያዎች በመሆናቸው እያንዳንዱ የራሱን ጣቢያ በመገንባቱ ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የምድር ውስጥ ባቡር መድረክ ቤከር ስትሪት ጣቢያ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ዛሬም ሰው ይሳፈርበታል።

ስዊንደንና ባዝ (ሁለት ቀን)። ከፓዲንግተን ወደ ምዕራብ የሚሄደው መስመር በ1841 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ ለንደንን ከብሪስቶል አገናኘ። መሐንዲሱ ኢሳምባርድ ብሩኔል ነበር። ስዊንደን ትንሽ የገበያ ከተማ ሳለች የባቡር ኩባንያው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካውን እዚያ አቋቋመ፣ በ1843 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፣ ከተማዋም በዚያው አደገች። ፋብሪካው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ከተማዋ ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረባት። ድሬዳዋን ያየ ሰው ስዊንደንን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ የፋብሪካው ሕንፃ በከፊል የባቡር ሙዚየም ሆኗል።

የብሩኔል መስመር ሌላም ትምህርት አለው። እሱ የመረጠው ስፋት 2.14 ሜትር ገደማ ነበር። ሰፊ በመሆኑ ባቡሩ ፈጣንና የማይንገዳገድ ሆነለት። ሆኖም የሌሎቹ መስመር 1.435 ስለነበር ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ፣ ለምሳሌ ግሎስተር ላይ፣ ዕቃው ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ በሌላው ላይ በሰው ጉልበት ይጫን ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. ሰፊው ሐዲድ ሙሉ በሙሉ ተወገደ። የተሻለ የነበረው ተሸነፈ፤ ምክንያቱም ባቡር ብቻውን ቆሞ አይጠቅምም፣ ከሌላው ጋር መገናኘት አለበት። በእኛም ሀገር የድሮው የአንድ ሜትርና የአዲሱ የ1.435 ሐዲድ ፉርጎ መለዋወጥ አይችሉም።

ዮርክ (ሁለት ቀን)። ከኪንግስ ክሮስ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የሚገኘው እዚህ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ በእንፋሎት ባቡር የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው «ማላርድ» የተባለው ሎኮሞቲቭ የዚህ ሙዚየም ንብረት ነው።

ሺልደንና ዳርሊንግተን (አንድ ቀን)። የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር መስከረም 27 ቀን 1825 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሁለት መቶኛ ዓመቱ ተከብሯል። ይህ ባቡር የተሠራው ሰው ለማመላለስ አልነበረም። ሺልደን አካባቢ ካለው ማዕድን የድንጋይ ከሰል ወደ ስቶክተን ወንዝ ወደብ ለማውረድ ነው። እንዲያውም ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ዓመታት መንገደኛው የሚጓዘው በዚያው ሐዲድ ላይ ፈረስ በሚጎትተው ሠረገላ ነበር። የጥያቄያችን ግማሽ መልስ እዚህ አለ፦ ባቡር ወደ ትንሿ ከተማ የመጣው ለጭነቱ ነው።

አሺንግተን (አንድ ቀን)። ከኒውካስል አጠገብ ያለች የድሮ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነች። ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ ያቀረቡት ጥናት የብሪታንያ ባቡር እንደከሰረ ገልጾ ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። አብዛኛው ተዘጋ። በአሺንግተን መስመር ላይ የሰው ማመላለሻው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲቆም የጭነት ባቡር ግን ማለፉን ቀጠለ። ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 2024 እ.ኤ.አ. መንገደኛ እንደገና ተሳፈረበት። ርዝመቱ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ካለው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሐዲዱ ሳይነቀል በመቆየቱ መመለሱ ተቻለ።

ኪሊ (አንድ ቀን)። ከሊድስ በባቡር ይደረሳል። ከዚያ የሚነሳው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ትንሽ የሸለቆ መስመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ከፈቱት። ዛሬም ትኬት የሚቆርጠው፣ ከሰል የሚያቃጥለው፣ ጣቢያውን የሚጠርገው አብዛኛው ሰው ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ነው። ደቦን ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የጥያቄያችን ሌላው ግማሽ እዚህ አለ፦ ጭነቱ ሲያልቅ ባቡሩ ይሄዳል፣ ያስቀሩት ከተሞች ግን አሉ።

አሥረኛው ቀን ወደ ለንደን መመለሻና ለጉድለት መጠባበቂያ ነው።

5. ቪዛና ገንዘብ

ኢትዮጵያዊ ወደ እንግሊዝ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ለጉብኝት የሚሰጠው መደበኛ የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ያስቆያል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ አሻራና ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ባለው የማመልከቻ ማዕከል ይሰጣል። ከጉዞው ቀን ከሦስት ወር በፊት ማመልከት አይቻልም። ክፍያው በየጊዜው ስለሚለወጥ በማመልከቻው ቀን የሚታየውን መያዝ ነው። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት አይመከርም። «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» ለሚል ደላላም ብር አለመስጠት ነው።

ለቪዛ ዋናው ነገር ሦስት ጥያቄ መመለስ ነው፦ ለምን ትሄዳለህ? በምን ገንዘብ? ለምን ትመለሳለህ? ለመጀመሪያው በቀን የተከፋፈለ የጉዞ እቅድ ይቀርባል። ለሁለተኛው የባንክ ሂሳብ መግለጫና የገንዘቡ ምንጭ ይቀርባል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ በድንገት የገባ ብዙ ብር ጥርጣሬ ያስነሳል። ሦስተኛው ለወጣት ተማሪ ከባዱ ነው። ሥራ የለውም፣ ቤት የለውም፣ ትዳር የለውም። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይረዳል። ከዚያ ውጭ ግን ቡሬ ላይ የተቆጠረው መኪና፣ ድሬዳዋ ላይ የተጻፈው ማስታወሻና ተመልሶ የሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አለ። እነዚህ ቪዛ ያስገኛሉ ብለን ቃል አንገባም። ተጓዡ ራሱ የሚመለስበትን ምክንያት አጥርቶ እንዲያውቅ ግን ያደርጉታል።

በጀቱ በብር ሳይሆን በፓውንድ ይሠራ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በብር የተሠራ በጀት ከስድስት ወር በኋላ ላይበቃ ይችላል። ወጪው በአምስት ይከፈል፦ አውሮፕላን፣ ቪዛ፣ ማደሪያ፣ ባቡርና ምግብ። በዚያ ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ይጨመር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ ወጪ ለአብዛኞቻችን ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ሌላውንም በር ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ በሚባለው ፕሮግራም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ላላቸው ተመራቂዎች የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ተማሪው ሲጨርስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። ይኸኛውም ፕሮግራም ያንኑ «ለምን ትመለሳለህ?» ነው የሚጠይቀው።

6. የጊዜ ሰሌዳ፣ ትኬትና የጣቢያ ሥርዓት

ለእኛ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት ሰዓት ነው። የእንግሊዝ የጊዜ ሰሌዳ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ይቆጥራል። «07፡15» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡15፣ «19፡40» የሚለው ደግሞ ከምሽቱ 1፡40 ነው። ይህን ያልለየ ሰው ባቡሩ በስድስት ሰዓት ያመልጠዋል። በተጨማሪ እንግሊዞች በመጋቢት መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ያዞራሉ። በበጋቸው ከእኛ በሁለት፣ በክረምታቸው በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናሉ።

ትኬት በሦስት ዓይነት ይታያል። አስቀድሞ የሚገዛው ርካሽ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለተቆረጠለት ባቡር ብቻ ነው፣ ካመለጠ ገንዘቡ ቀለጠ። ሁለተኛው ሰው ከሚበዛበት የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ የሚያገለግል ነው። ሦስተኛው በማንኛውም ሰዓት የሚያገለግል ሲሆን ውድ ነው። ከ16 እስከ 25 ዓመት ያለ ወጣት የቅናሽ ካርድ ከገዛ ከአብዛኛው ትኬት ላይ አንድ ሦስተኛ ይቀነስለታል። ለውጭ አገር ጎብኚ ብቻ የሚሸጥ ለተወሰኑ ቀናት የሚያገለግል ትኬትም አለ። ሁለቱንም አስልቶ የሚያዋጣውን መምረጥ ነው።

የሐዲድ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት ባቡሩ በአውቶቡስ ሊተካ ይችላል። ረጅሙን መንገድ በሥራ ቀን፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች ቅዳሜና እሑድ ማድረግ ይሻላል። እነዚህ የእንፋሎት ባቡሮች በብዛት የሚሠሩት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት (እ.ኤ.አ.) ነው።

በጣቢያ ላይ ፎቶግራፍ ማንሳትና የሎኮሞቲቭ ቁጥር መመዝገብ እንግሊዝ ውስጥ የተለመደ ነው። ማስታወሻ ይዞ መድረክ ላይ ሲጽፍ የሚውል ሽማግሌም ወጣትም አይታጣም። ሆኖም ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ መቆምና ፍላሽ አለመጠቀም ግዴታ ነው፤ ብልጭታው የባቡሩን ነጂ ዓይን ያጠፋል። በሀገራችን ደግሞ ጣቢያ ፎቶ ከማንሳት በፊት ኃላፊውን ማስፈቀድ ይገባል። ሳያስፈቅዱ ማንሳት ጣጣ ያመጣል።

7. የማስታወሻ ደብተር

በእያንዳንዱ ጣቢያ አምስት ጥያቄ ብቻ ይመለስ፦

1ኛ) ባቡሩ መጀመሪያ እዚህ የመጣው ምን ሊጭን ነው?
2ኛ) ገንዘቡን ያወጣው ማን ነው?
3ኛ) ከተማዋ ከባቡሩ በፊትና በኋላ ምን ትመስላለች?
4ኛ) ዛሬ ምን ይጫናል? ማን ይሳፈራል?
5ኛ) ባቡሩ ቢቀር የሚጎዳው ማን ነው?

እነዚሁ አምስት ጥያቄዎች ለድሬዳዋም፣ ለሺልደንም፣ ለፍኖተ ሰላምም ይሠራሉ። ደብተሩ በሦስት ረድፍ ይከፈልና መልሶቹ ጎን ለጎን ይጻፉ። የፍኖተ ሰላም ረድፍ አንደኛው ጥያቄ ላይ በቆሎ፣ በርበሬና ማዳበሪያ ይላል፤ ሁለተኛው ላይ ባዶ ነው። ሐዲዱ ለምን እንዳልመጣ የሚያጠና ሰው ከዚያ ባዶ ቦታ ይጀምር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ባቡር ለማየት ወደ እንግሊዝ የሚደረግ ጉዞ ሦስት ደረጃ አለው፤ ቡሬ ላይ መቁጠር፣ ድሬዳዋ ላይ ማየት፣ ከዚያ እንግሊዝ ላይ ማነጻጸር። ሦስተኛው ደረጃ ገንዘብና ቪዛ ይጠይቃል፣ ለሁሉም ላይደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ግን ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛውም በቁጠባ ይቻላል። ሁለቱን የሠራ ተማሪ እንግሊዝ ባይሄድ እንኳ ስለ ሺልደንና ስለ አሺንግተን ሲያነብ ሄዶ ካየና ካልጠየቀ ሰው የበለጠ ይገባዋል።

የእንግሊዝ ታሪክ ለእኛ የሚነግረን ሐዲድ በጭነት እንደሚመጣና ጭነት ሲያጣ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም መስመር አንድ ቀን እንደገና በጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ፣ ከአካባቢው ምን ያህል ጭነት፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ በቁጥር የሚናገር ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ከዚህ ትምህርት ክፍል ቢወጣ ምን አለበት? የሚመጣው የገበያ ቀን ላይ ቡሬ መገናኛው ጋ ቁጭ ብሎ መጀመር ይቻላል።